የጉማሬ ፈተና

ተረት ተረት! «የመሠረት» በሉኝና ስሙ፤ ይህች እንኳ አጭር ናት፤ ቁጭ ብዬ አላወራትም።

ትምህርቱን የጨረሰ እንስሳ ሁሉ የሚመኘው ኮሌጅ ከወንዝ ማዶ ነበር። የመግቢያ ፈተናውን የሚፈትነው ደግሞ ጉማሬ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲያስገመግም፣ እንስሳቱ ዳር ላይ ተሰልፈው ይቁነጠነጡ ጀመር።

ጉማሬ ከውሃው ብቅ ብሎ፣ «ለሁሉም ጥያቄዬ አንድ ነው፤ መልሱም አንድ ነው» አለ። «ወንዝ ሲሞላ እንዴት ትሻገራላችሁ?»

አህያ አሰበች፣ አሰበችና፣ «እስኪጎድል እጠብቃለሁ» አለች።

«ወደቅሽ! የሚቀጥለው!»

ዳክዬ «እዋኛለሁ» ብላ አለፈች። ጆሮውን አቁሞ ወዲያ ወዲህ ሲል የነበረው ዝንጀሮም ደረቱን ነፍቶ፣ «እዋኛለሁ!» አለ። አለፈ።

ዳክዬ ወዲያው ዋኝታ ሄደች። ዝንጀሮ ግን አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ ነከር ያደርግና ይመልሳል፤ ደግሞ ነከር ያደርግና ይመልሳል።

«አንተ አልፈህ የለም እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው አህያ።

«እስኪጎድል እየጠበቅሁ ነዋ!»

ክረምቱ ወጣ፤ ወንዙ ጎደለ። ዝንጀሮ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ ተሻገረ። አህያም ልትከተለው እግሯን ስታነሳ፣ ጉማሬ ከጭቃው ቀና ብሎ ጮኸባት፦

«አንቺ ደግሞ ወዴት? ወድቀሻል እኮ!»