ላዕሉም ታህቱም ሲያድግ

አንድ የውኃ አባት ነበረ። በቆላ መንደር አንዲት ምንጭ ይጠብቅ፣ ውኃዋንም በየማለዳው ለሃያ ቤት እኩል ያካፍል ነበር። ምንጯ በቀን ስድሳ እንስራ ስለምትሰጥ ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ሦስት ይደርሰዋል። አንድ ቤት ሁለት እንስራ ካገኘ ከነከብቱ ይኖራል፤ ከዚያ ካነሰ ግን ከብቱ ያልቃል።

አንድ ዓመት ደጋው ላይ ዘነበና ምንጯ በየቀኑ ሁለት ሁለት እንስራ ትጨምር ጀመር። በጎረቤት መንደር ግን ጉድጓዱ ደርቆ፣ ሰው ጓዙን እየጫነ በቀን አንድ አንድ ቤተሰብ ወደዚህ ይሰደድ ያዘ። መንደርተኛው ሠጋ። የውኃ አባቱ ችኩል ሰው ነውና ወዲያው አሰላው። ውኃው በሁለት ያድጋል፣ ቤቱ በአንድ ያድጋል፣ ሁለት ለአንድ ሲካፈል ሁለት ነው። እንግዲህ ድርሻችሁ በየቀኑ ሁለት እንስራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም ብሎ በሰው ፊት ማለ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ስደተኛ ቤተሰብ ይገባል ተብሎ ተቆጥሮ ውኃው ሲለካ፣ ከእያንዳንዱ ቤት ድርሻ አንድ ጣሳ ያህል ጎደለ።

ጣሳ ትንሽ ነው፤ አንድ እንስራ የሚሞላው በሃያ ጣሳ ነው። ሰዉን ያስደነገጠው ግን ጭማሪ ሲጠብቅ ጉድለት ማየቱ ነው። ዛሬ ጣሳ የወሰደ ነገ እንስራውን ይወስዳል ተባለ። ጎበዛዝቱ መንገዱን በእሾህ ሊዘጉ ተነሡ። ሁለት ሕፃናት የያዘች አንዲት መበለት፣ የዚያን ቀን የተቆጠረችው የመጀመሪያዋ ስደተኛ፣ መንደሩ መግቢያ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። የውኃ አባቱን ላብ አጠመቀው። የማለው እሱ፣ የምትባረረው እሷ።

ምንጯ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንደገና አሰበ። ያደገውን ብቻ ነበር ያየው፤ ቀድሞ የነበረውን ድርሻ አላየም። አዲስ ቤት ሲገባ እንደ ሌላው ሦስት እንስራ ይገባዋል፤ ምንጯ የጨመረችው ግን ሁለት ነው። የሚጎድለው አንድ እንስራ ብቻ ሆነ። ተነሥቶ አንድ እንስራ ሙሉ ቀዳ፣ ሃያ ጣሳም በሰው ፊት ደርድሮ ይሞላ ጀመር። የመጨረሻው ጣሳ ሲሞላ እንስራው ባዶ ሆነ።

«የጎደለው ይኸው ነው» አላቸው። «ከየቤታችን አንድ ጣሳ። ክረምቱ እስኪገባ ከዛሬ ጋር ሃያ ቀን ቀርቶታል። በዚሁ አካሄድ ሃያ ጣሳ ይቀንሳል፣ ያ ደግሞ አንድ እንስራ ነው። ሁለት ይቀረናል። በሁለት ኖረን እናውቃለን።»

ሰዉ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ እሾሁን ከመንገድ ጎትቶ ጣለ፤ መበለቲቱም ልጆቿን ይዛ ገባች። የውኃ አባቱ እፎይ አለ።

ሃያኛው ቀን ላይ ድርሻው ሲለካ፣ አርባ ጣሳ ይሆናል ያሉት ሃምሳ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ በበዛ ቁጥር ጉድለቱ ለብዙ ይካፈል ነበርና።

አንድ የሒሳብ መምህር ይህን ተረት ነግሮ ሲያበቃ ወደ አንዲት ተማሪው ዞረ።

«ትርሲት፣ የላዕሉን ደሪቬቲቭ፣ እድገቱን ማለት ነው፣ ለታህቱ ደሪቬቲቭ ባካፍል ምን አለበት ብለሽ ጠየቅሽኝ። የውኃ አባቱ የማለው በዚያ ነው። ደብተርሽ ላይ ያለው ጥያቄም የእሱው ነው፤ ሁለት ኤክስ ሲደመር ስድሳ፣ ለኤክስ ሲደመር ሃያ ሲካፈል፣ ኤክስ ዜሮ ላይ። የላዕሉን እድገት በታህቱ አባዢው፤ ሁለት በሃያ፣ አርባ። ላዕሉን በታህቱ እድገት አባዝተሽ ከዚያ ቀንሺ፤ ስድሳ። የቀረውን ኔጌቲቭ ሃያ ለታህቱ ስኩዌር፣ ለአራት መቶ አካፍዪ። ኔጌቲቭ አንድ ሃያኛ ነው፤ የጎደለችው ጣሳ እሷ ናት። ከሦስት ተነሥታ በዚያ ልክ የምትወርደው ቀጥ ያለች መስመር ደግሞ ታንጀንትሽ ናት፤ ዋይ እኩል ነው ሦስት ሲቀነስ ኤክስ ለሃያ። በነካችበት ቦታ የምትናገረው እውነት ነው፤ እየራቀች ስትሄድ ግን ኩርባው ይለያታል። አየሽ ልጄ፣ ይህ የማካፈያ ሕግ ሊያስቸግርሽ የተሠራ አይደለም። ያደገውን ስታይ የነበረውን እንዳትረሺ ነው።»