ፊቷን ያዞረችው አህያ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ጨው ያለው አፈር እየላሰች ሳለች መንጋዋ ወንዝ ተሻግሮ ሄደ። ጠግባ ቀና ስትል ከላይ አገር የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶታል፤ ዘመዶቿ ሁሉ ማዶ፣ እሷ ብቻ ወዲህ። ታላቅ እህቷ ከማዶ ሆና ጀንበር ሳትጠልቅ እንድትሻገር ጮኻ ነገረቻት፤ መንጋው ከዚያ በላይ አይጠብቅም። ወዲህ ያለው ሜዳ ደግሞ ሲመሽ የጅብ ነው።

አህያዋ ዓይኗን እህቷ ላይ ተክላ ወንዙ ውስጥ ገባች። አህያ መቼም የምታውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ፊት። ውሃው ግን ቁልቁል ይዟት ነጎደ። ከመሻገሪያው በታች ማዶው ገደል ስለሆነ መውጫ አጣች፤ እየተንገላታች ተመልሳ በወዲህኛው ዳር ተጣለች። ያን ሁሉ ስትወሰድ አብሯት የወረደው አንድ የደረቀ ግንድ ብቻ ነበር።

ወደ መሻገሪያው ስትመለስ ቀበሮ አገኛት። ምነው እንዲህ ሰነፍሽ አላትና፣ ዓይኗን ከእህቷ ሳትነቅል አጥብቃ እንድትታገል መከራት። ያዘነላት መስሎ ነው እንጂ፣ ወንዙ ሲተፋት እንዲይዛት ጅብን ከታች አስቀምጦት ነበር፤ ትራፊው የእሱ ነው።

አህያዋ ምክሩን ልትሰማ ስትል ግንዱ ትዝ አላት። ወደ ማዶ በዋኘች ቁጥር ከግንዱ ራቀች እንጂ፣ ግንዱ ቁልቁል አልቀደማትም፣ እሷም አልቀደመችውም።

«ግንድ እግር የለውም። እኔም ሳልጣመም ነው የዋኘሁት። ሁለታችንንም ያወረደን ውሃው ራሱ ሲሄድ ነው» አለች፤ የሚሰማት ስላልነበረ ለራሷ። ውሃው ቁልቁል የሚወስደኝን ያህል ሽቅብ ብገፋስ ብላም አሰበች።

ሁለተኛ ስትገባ ከእህቷ ፊቷን መለሰች። ከመሻገሪያው በላይ፣ በማዶው ዳር የቆመውን ሾላ እያየች ትዋኝ ጀመር። ጅብ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ አየና እራቱ ሽቅብ የሄደ መሰለው፤ እያለከለከ ወደ ላይ ሮጠ። ቀበሮ ፊቷን ሳይሆን አካሄዷን እንዲያይ ቢለምነውም፣ ጅብ ሲርበው የማንንም ቃል አይሰማም።

ማዶ ያሉት አህዮችም ከጅብ አልተሻሉም። ጥላን ሄደች አሉና እየተከታተሉ ጀርባቸውን ሰጡ። አህያዋ ጥሪያቸው ሲቆም ሰማች፤ ከጅቡ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራት። ዞር ብላ እየመጣሁ ነው ልትላቸው ፈለገች፤ ከዞረች ግን ውሃው ይወስዳታል። እያለቀሰች ሾላውን ማየቷን ቀጠለች። እንደዚያች ሰዓት ብቸኛ ሆና አታውቅም።

ሾላው ጋ አልደረሰችም። ሽቅብ የገፋችውን ያህል ውሃው ቁልቁል ስለመለሳት፣ ኮቴዋ መሬት የነካው ልክ መሻገሪያው ላይ፣ በማዶው ዳር ነው። እህቷ ብቻ ቀርታ ነበር፤ እሷም ለመሄድ ዞራለች።

«ፊትሽን ስታዞሪብን የጠላሽን መሰለኝ» አለቻት።

«እትዬ፣ አንቺን እያየሁ ስመጣ አጥቼሽ ነበር። ፊቴን ያዞርኩት አንቺ ጋ ልደርስ ነው» አለችና እርጥብ አንገቷን በእህቷ አንገት ላይ ጣለች።

ከዚህ የምንማረው ያሰብንበት ለመድረስ የሚወስደንን ጎርፍ ቀድመን ማስላት እንዳለብን፣ ፊቱን ያዞረብንንም ወዳጅ ጥሎን ሄደ ከማለታችን በፊት ወዴት እየመጣ እንደሆነ ማየት እንደሚገባን ነው።