የሰባተኛው ፎቅ ድመት

አቶ ዘርጋው ሰባት ፎቅ ሠርተው ራሳቸውን ስምንተኛ ፎቅ ያደረጉ ሰው ነበሩ። ለሕንፃቸው የሌባ ማንቂያ ደወል ሲያስገጥሙ ባለሙያው፣ "ሁለት ደወል አብሮ ሲጮኽ የበር መሰበር ይቅደም፤ ሌላው ይከተል" ቢላቸው ደማቸው ፈላ።

"በገዛ ሕንፃዬ ከእኔ ቢሮ የሚቀድም ምን አለ? የእኔ ሲጮኽ ሌላውን ሁሉ ጥላችሁ ወደዚያ ትሮጣላችሁ!" ብለው የጥበቃ ሠራተኞቹን አስጠነቀቁ።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ ምድር ቤት ያለው መጋዘንና ሰባተኛው ፎቅ ላይ ያለው የአቶ ዘርጋው ቢሮ ደወሎች እኩል ጮኹ። ጥበቃዎቹ ኃላፊያቸው የሆነችውን ምላሰኛ ሴት ተከትለው ሽቅብ በረሩ። ቢሮው ሲከፈት አንዲት ድመት የአለቃው የቆዳ ወንበር ላይ ተንሰራፍታ ፊቷን ታጸዳለች። ከመጋረጃ መጋረጃ ሲያባርሯት፣ ከታች ሌቦቹ መጋዘኑን ጠራርገው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ዘርጋው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ሴትዮዋን መሐል አቆሟት።

"እስቲ ንገሪኝ! ሌባ ይበልጣል ወይስ ድመት? ሌባ ካልሽ፣ እሱን ትተሽ በመሮጥሽ ትባረሪያለሽ። ድመት ካልሽም እብድ አላሠራም፤ ትባረሪያለሽ!"

ሴትዮዋ ግን ኮፍያዋን አውልቃ ጎንበስ አለች።

"ጌታዬ፣ ሌባ እንደሚበልጥ መች ጠፋኝ? ግን ድመቷ የእርስዎ ወንበር ላይ ነበረች። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ትልቅ ነው ማለት ለምዶብን ነው።"