የወህኒ ቤቱ በር ደንብ

የአንድ ክፍለ ሀገር ወህኒ ቤት እንዲያስተዳድረው ለግል ድርጅት ተሰጠና፣ አቶ ምንውዬለት የሚባሉ ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆነው መጡ። እስረኛው ሁሉ ከቤቱ የሚመጣለትን ስንቅ እየበላ የድርጅቱ ወጥ ሳይነካ ስለሚመለስ፣ ስንቅ የሚባል ነገር ጨርሶ ሊያስቀሩ አሰቡ። በሩ ላይ ግን የቆየ ደንብ ነበር፤ መርዝ እንዳይገባ፣ ምግብ ይዞ የመጣ ሁሉ ዘበኞቹ ፊት ሳይቀምስ አያስገባም።

አንድ ማክሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ሥራ አስኪያጁ እስረኞቹን አሰልፈው፣ ወጥ በሳህን አስቀርበው፣ በቅሎ ነጋዴ የነበረ አንድ እስረኛ ጠሩ።

«በል እንግዶቹ ፊት ቅመስና መስክር። የእኛ ወጥ ከሚስትህ ስንቅ በምን ያንሳል?»

ሰውዬው ጨነቀው። ጥሩ ነው ቢል ስንቁ ሊቀር ነው፤ መጥፎ ነው ቢል ጨለማ ቤት ይጠብቀዋል። ሳህኑን ተቀበለና እጅ ነሥቶ መልሶ ለሥራ አስኪያጁ ዘረጋላቸው።

«ጌታዬ፣ ሚስቴ እንኳ አንድ ቀን ሳትቀምስ አስገብታ አታውቅም። የዛሬውን ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት። ደንብ ነውና ይቅመሱልኝ።»

ተቆጣጣሪዎቹ ዞረው አዩዋቸው። አቶ ምንውዬለት ወጡን አየት አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እኔ እንኳ ማክሰኞን እጾማለሁ» አሉ።

«ለእሱስ አያስቡ ጌታዬ» አለ እስረኛው ሳህኑን እያስጠጋ። «የዚህ ቤት ወጥ እንኳን ማክሰኞን ፋሲካንም ይጾማል።»