የላላው ሽቦ

አንድ ሰጥአርጌ የሚባል የትራክተር ሹፌር በብርዳም ደጋ ይኖር ነበር። ትራክተሩ የገበሬዎች ማኅበሩ ነው። ቀን ያርሳል፤ መንገዱ መኪና ስለማያስገባ በሽተኛም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው እሱ ነው። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ግን ሞተሩ አልነሳም ይላል። ባትሪ ቀየሩለት፤ እንቢ አለ። ናፍጣው ውሃ ገብቶበት ይሆናል ብለው አፍስሰው ሌላ ሞሉ፣ ማጣሪያውንም ለወጡ፤ ያው ነው።

አንድ ቀን ሰጥአርጌ ብቻውን ሲጎረጉር ነገሩን አገኘው። ሞተሩን የሚያሞቀው ካንዴላ ሽቦ ላልቶ ኖሯል። ቁልፉን ከፍቶ ሽቦውን በጣቱ ጫን አድርጎ ያዘና ቢያስነሳው ወዲያው ጮኸ። ደጅ የቆሙት ሰዎች እልል አሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ትከሻውን ስመው፣ «ያለ አንተ ማን አለን!» አሉት። ሰጥአርጌ ሽቦውን ሊያጠብቅ ያነሳውን ፒንሳ መልሶ ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወዲህ ከሞተሩ ሥር ፍም ያስቀምጣል፣ ሙቅ ውሃ ያፈስሳል፣ ሰዉን «ዞር በሉ!» ይልና በጋቢው ተከልሎ ሽቦውን ይይዛል። ሌላ ሰው ቢሞክር አይሆንለትም። በየድግሱ ከአዛውንቶቹ ጎን የሚቀመጠው እሱ ሆነ።

የአክስቱን ልጅ ሊድር ማዶ ቀበሌ ሄዶ ባደረ ማግስት፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ስልኩ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ናቸው።

«ሰጥአርጌ፣ አንዲት ሴት ድንገት ምጥ ይዟት ደም እየፈሰሳት ነው። ትራክተሩ እንቢ አለን። እባክህ መላውን ንገረን!»

ሽቦው ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከተናገረ ግን ነገ ማንም ያስነሳዋል።

«ለእናንተ አይሆንላችሁም፤ እንዳትነካኩት። እየመጣሁ ነው» አለ።

ማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቀም። ሊቀመንበሩም በመንገድ እንዳይደነግጥ ብለው አልነገሩትም።

ዳገቱን ወጥቶ ሲጨርስ ሰው የተሰበሰበው በራሱ ደጅ ነው። ሚስቱ አትጠገብ፣ ገና በሰባት ወሯ፣ ከነልጇ አርፋለች።

ለቅሶው ላይ ሊቀመንበሩ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ «አይ ልጄ፣ አንተ ብትኖር ኖሮ ትተርፍ ነበር» አሉት።

ሰጥአርጌ ብድግ አለ። «ሽቦ ነው አባባ! አንድ የላላ ሽቦ! በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር! የገደልኳት እኔ ነኝ!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ሐዘኑ ነው የሚያናግረው» ብለው ውሃ አጠጡት፤ መልሰውም አስቀመጡት። እስከ ዛሬ ያመነው የለም።

ወገኖቼ፣ ሰው ሲጨንቀው የእኛን ፊት ማየቱ ደስ ይለናል። ደስታችን እንዳይቋረጥ ብለን የምናውቀውን እንሸሽጋለን፤ የሚጎዳውም የማናውቀው ሰው ይመስለናል። የተሸሸገ እውቀት ግን የማንን ቤት እንደሚያፈርስ አይመርጥም።

«ያለ እኔ አይሆንም» የምንለው ሥራ በእርግጥ ያለ እኛ የማይሆን ነው? ወይስ እንዳይሆን ያደረግነው እኛው ነን?