የቀጥቃጩ ልጅ ዓይን

ይህን የሰማሁት ከሁለት ሰዎች አፍ ስለሆነ አንዳንዱን አዛብቼው ይሆናል። አንዲት ወጣት ሐኪም፣ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ በራዲዮሎጂ ስፔሻላይዝ ለማድረግ አመልክታ ለቃለ መጠይቅ ትቀርባለች። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጥታለች። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መርዕድ ግን የማን ልጅ መሆኗን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ስሚ ልጄ፣» አሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የቀጥቃጭ ዘር ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። እኔ አላልኩም፤ ሕዝቡ ነው የሚለው። ሐሰት ነው ካልሽ ሕዝቡን ሰደብሽ። እውነት ነው ካልሽ ደግሞ በሽተኛ እንዴት እንስጥሽ? እስቲ መልሺ!»

ይህ ዕድል ካመለጣት የስፔሻሊስትነት ነገር አበቃላት። ሌሎቹ ፈታኞች ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። እሷን ግን ድንገት ሳቅ ሳቅ አላት።

«ፕሮፌሰር፣ ሕዝቡንማ አልሳደብም፤ እውነት ነው እንበል፣» አለች። «እንግዲያው ዓይኔ ልብስና ቆዳ አልፎ ጉበት ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው። ለዚሁ ሥራ ከባሕር ማዶ ያስመጡት ሲቲ ስካን መለዋወጫ አጥቶ ቆሟል። እኔ መለዋወጫ አልጠይቅም፤ መብራት ቢጠፋም አያለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ዓይን ለሌላ ሆስፒታል አሳልፈው ይሰጣሉ?»

ፈታኞቹ በሳቅ ፈነዱ፤ አንዷማ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። ፕሮፌሰሩም ሳቃቸውን ለመዋጥ ቢታገሉ አመለጣቸው።

በኋላ አጣርቼ ያረጋገጥኩት፣ ልጅቷ በዚያው ዓመት መግባቷንና፣ ከሁሉ ቀድመው ሆዳቸውን በአልትራሳውንድ በእሷ ያስመረመሩት ፕሮፌሰር መርዕድ መሆናቸውን ነው።