የቅዳሜ ውሃ

በአንድ ወቅት፣ በልጉ በከዳበት ዓመት፣ ሾላ በርና ዋርካ ሜዳ የሚባሉ ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ ጎረቤት ከተሞች ነበሩ። ውሃው ሲያንስ ሾላ በር ደጅ ላይ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ ከለከለች። ዋርካ ሜዳ ግን ጓሮ ማጠጣትም ሆነ ጭቃ ማቡካት ቅዳሜ ቅዳሜ ፈቀደች። የሾላ በርን ክልከላ ሰፈር ለሰፈር የለፈፈው የውሃ ዘበኛው አስራደ ነው። ሰው ነውና ሥልጣን ጣፈጠው፤ የሎሚ ችግኝ ሲያጠጡ ያገኛቸውን አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት ጣሳቸውን ቀማቸው።

ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ባሏ የሞተባት እህቱ የውብዳር የጭቃ ቤቷ ግድግዳ ተናደባት። ልጆቿን ሸራ ሥር ትታ፣ ጭቃ ማቡኪያ ውሃ እንዲፈቅድላት ወደ አስራደ ሄደች።

«ወንድም ጋሼ፣ ዋርካ ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመን ይጠጣል። የእኔ ልጆች ከጎመን ያንሳሉ?»

ሕግ ለዘመድ አይታጠፍም ብሎ መለሳት። ቤቱ ሲገባ ግን የቀረበለትን እራት ሳይነካ መለሰ።

ታናሽ ወንድማቸው ምናለ ለቤተሰቡ ከሚሰፈረው የመጠጥ ውሃ እየቀነሰ አጠራቀመ። ልጆቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ። ያንን ውሃ ወስዶ ክልክል በሆነበት በሾላ በር፣ በእህቱ ደጅ ጭቃ አቦካበት።

መካከለኛው ወንድም ውባንተ የዋርካ ሜዳ ነዋሪ ነው። ቅዳሜን ጠብቆ፣ በከተማው ሕግ፣ ሠላሳ ጄሪካን ውሃ በአህዮቹ ወደ እህቱ ቤት አመላለሰ። ወደ ማታ የእሱ ሰፈር የውሃ ሮቶ ባዶውን ቀረ፤ የአንዲት አራስ ቤተሰቦች ሕፃኑን የሚያጥቡበት አጥተው በየደጃፉ ለመኑ።

አስራደስ? ጭቃው ሲረገጥ በዚያ አለፈ። ምናለ ቀና ብሎ አየው። አስራደ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ አለ። የሎሚው ባለቤት ከአጥራቸው ሥር ቆመው ያዩታል። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ግድግዳው ቆመ፤ ወሬውም ተሰማ። የሁለቱ ከተማ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በአደባባይ ይቅርታ ይጠይቅ፣ አለዚያ ግድግዳው ይፍረስ አሉ። የሚሸከመውን እናንተው ምረጡ ብለው ለወንድማማቾቹ ተዉላቸው።

«ያፈሰስኩት ልጆቼ የሚጠጡትን ነው» አለ ምናለ።

«በተፈቀደ ቀን ነው የቀዳሁት» አለ ውባንተ።

«እኔ ጠብታም አልነካሁም» አለ አስራደ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ፊቱ ጋለ። ከሦስቱ እጁ ጭቃ ያልነካው እሱ ብቻ ነበር፤ ያሳፈረውም ይኸው ነው።

ሲከራከሩ የውብዳር መጣች። «ቤቱ የእኔ ነው» ብላ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለች። ሦስቱም ተሻምተው ድንጋዩን ያዙ። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ድንጋይ ለአንድ ጫንቃ ነው አሉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ የልጆቹን መጠጥ ደጅ ላይ ያፈሰሰው ነው፣ ሕግ ሳይጥስ ጎረቤቱን ያስጠማው ነው፣ ወይስ አይቶ እንዳላየ የሆነው? ድንጋዩ በማን ጫንቃ ላይ ይውጣ?